እግር ሳይደክም ልብ ሲደክም

ውድ አንባቢ ሆይ! አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር በተማሪዎቹ ፊት ፈጽሞ ሊያደርገው የማይገባ ነገር ምን ይመስልዎታል? መስከር ነው ይሉ ይሆናል፤ መሳደብ ነው ይሉ ይሆናል። እኔ ከሁለቱም ነፃ ነኝ። ነገር ግን በሃያ አምስት ዓመት ዕድሜዬ፣ ጤነኛ እግር ይዤ፣ በተማሪዎቼ ፊት አንድ ሳምንት ሙሉ በውሸት ሳነክስ ሰንብቻለሁ። ነገሩ የሚያስቅ ነውና ቢስቁብኝ አልቀየምም። ይሁን እንጂ ከሳቁ በኋላ የሚቀር ቁም ነገር አለውና እስከ መጨረሻው ታግሠው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

የማስተምረው ትምህርት ሒሳብ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ዓመቴ ነው። እንደ አዲስ መምህር ሁሉ እኔም ዓለምን በአንድ ጠመኔ አቃናለሁ ብዬ ነበር የተነሣሁት። ከሰሌዳው በላይ በትልልቅ ፊደላት «በዚህ ክፍል አልችልም ማለት ክልክል ነው» ብዬ ጽፌ ለጥፌ ነበር። ይህን ቃል አፏ የለመደ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። በመጨረሻው ረድፍ በመስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። ወደ ሰሌዳ በጠራኋት ቁጥር ቆም ትልና በቀጭን ድምፅ «አልችልም» ትላለች። እኔም በጣቴ ጽሑፉን አሳያትና «አልችልም ማለት የስንፍና ሌላ ስሙ ነው!» እላታለሁ። ክፍሉ ይስቃል። እሷ አንገቷን ደፍታ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። እኔም ጥሩ ያስተማርኩ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ትምህርት ቤታችን የስፖርት ቀን አዘጋጀ። ከዝግጅቱ አንዱ መምህራንና ተማሪዎች አብረው የሚሮጡት የ3 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበር። የሜዳችን ዙሪያ 300 ሜትር ያህል ስለ ሆነ አሥር ዙር መሆኑ ነው። የስፖርት መምህሩ «ከመምህራን ማን ይመዘገባል?» ብሎ ሲጠይቅ መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ሮጬ ስለማውቅ አይደለም፤ ሩጫ እንደ ማንኛውም ነገር መማር የሚያስፈልገው መሆኑን ስላላወቅሁ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ከሁሉ ቀድሜ ጨረስኩ። ተማሪዎቼ «መምህር! መምህር!» እያሉ ሜዳውን አናወጡት። በሁለተኛው ዙር ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ደረቴ ውስጥ ፍም የተጫረብኝ መሰለኝ። በሦስተኛው ዙር እነዚያ በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፉ ልጆች አንድ በአንድ ያልፉኝ ጀመር። በዚህን ጊዜ ከውስጤ አንድ ድምፅ ተነሣና «ቁም! ካልቆምክ ትሞታለህ» አለኝ። ድምፁ ብልህ ነውና ቀጥሎ ደግሞ «ዝም ብለህ ብትቆም ይሳቅብሃል፤ ምክንያት ፈልግ» ብሎ መከረኝ። በአራተኛው ዙር ከመታጠፊያው ስደርስ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴን ይዤ «ወይኔ እግሬን!» ብዬ ከሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ተማሪዎች ግራና ቀኝ ደግፈው አወጡኝ። እግሬ ግን ምንም አልሆነም ነበር።

ውሸት አንዴ ከተጀመረ ቀለብ ይፈልጋል። ሰኞ ጧት ክፍል የገባሁት እያነከስኩ ነው። ማክሰኞ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ «ልጄ፣ ወለምታ ካደረ ይከፋል» ብለው እንቢ እያልኩ ወደ አንድ ወጌሻ ወሰዱኝ። ወጌሻው እግሬን አገላብጠው አዩና ቀጥለው ዓይኔን አዩኝ። ምንም አልተናገሩም። ጤነኛውን እግሬን በቅቤ አሽተው፣ ስበው፣ ጠምዝዘው፣ በእውነት ካሳመሙኝ በኋላ ገንዘባቸውን ተቀብለው «እግዜር ይማርህ» አሉኝ። ምርቃቱ ለእግሬ ይሁን ለነፍሴ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ዓርብ ዕለት ያቺን በመጨረሻው ረድፍ የምትቀመጠውን ተማሪ እንደ ልማዴ ወደ ሰሌዳ ጠራኋት። ጥያቄውን አየችና እንደ ልማዷ «አልችልም» አለች። እኔም ወደ ጽሑፉ ልጠቁም እጄን ሳነሣ፣ ልጅቷ ጽሑፉን ትታ እግሬን አየችው። አየችው ብቻ፤ ቃል አልተነፈሰችም። እጄ ከአየር ላይ ቀረ። «ተቀመጪ» አልኳት። በዚያን ቀን ማንም አልሳቀም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ፊቴ በኀፍረት ጋለ። አልችልም ማለትን በክፍሌ የከለከልኩ እኔ፣ አልችልም ለማለት እንኳ ድፍረት አጥቼ በእግሬ አሳብቤያለሁ። ልጅቷ ከእኔ ትሻላለች፤ እሷ ቢያንስ እውነቱን ትናገራለች። እንግዲህ መሮጥ የጀመርኩት ለጤና አይደለም፤ ክብደት ለመቀነስም አይደለም። ያን ድምፅ ዳግመኛ ፊት ለፊት ለማግኘት ነው።

የምኖረው ከስድስት ኪሎ ብዙም ሳይርቅ ስለ ሆነ ወደ ጃን ሜዳ መሄድ ይቀለኛል። ጥምቀት የሚከበርበት ያ ሰፊ ሜዳ የአገር አቋራጭ ሩጫ ሲካሄድበትም የኖረ ስለ ሆነ ለሯጮች የታወቀ ቦታ ነው። ሰኞ ከጧቱ 12 ሰዓት ለመነሣት ወሰንኩና የስልኬን ደወል ሞልቼ ተኛሁ። ደወሉ ጮኸ። ድምፁም አብሮ ተነሣ። «ዛሬ ብርዱ ይጠናል» አለኝ። «ውሾቹ ገና አልገቡም» አለኝ። «የተማሪዎች ፈተና ያልታረመ አለህ፤ ኃላፊነት ይቀድማል» አለኝ። ይገርምዎታል፣ አንባቢ ሆይ፤ ያ ፈተና ለአሥር ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አንድ ቀን እንኳ አስታውሶኝ አያውቅም ነበር። ያን ጧት አልተነሣሁም። ማክሰኞም አልተነሣሁም። ረቡዕ የተነሣሁት ማታውኑ የስፖርት ልብሴን ለብሼ ስለ ተኛሁ ነው። ለድምፁ ልብስ መቀየሪያ የሚሆን የመከራከሪያ ጊዜ ነፈግሁት።

ጃን ሜዳ ስደርስ ደግሞ ሌላ ፈተና ጠበቀኝ፤ እሱም የሰው ዓይን ነው። እግራቸው እንደ ሚዳቋ የሆነ ወጣቶች በቡድን በቡድን ሆነው መሬቱን ሳይነኩት የሚሄዱ እስኪመስሉ ያልፋሉ። በዚህ አገር ጀማሪ ሯጭ መሆን ከሌላው አገር ይልቅ ከባድ ነው ብዬ አምናለሁ። አበበ ቢቂላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 በሮም ከተማ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ ከአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ልጅ ሳለ ትምህርት ቤቱ ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደ ነበር ያልሰማ የለም። በእነዚህ ሰዎች ሁላችንም እንኮራለን። ኩራቱ ግን ሳናውቀው ዕዳ ይሆንብናል። ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሯጭ ሆኖ የሚወለድ እየመሰለን፣ ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ ሲያለከልክ የተገኘ ሰው የአባቱን ርስት የሸጠ ያህል ያፍራል። አበበም ቢሆን ግን የክብር ዘበኛ ወታደር ሆኖ፣ በአሠልጣኙ በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን እጅ እየተለማመደ ነው ለዚያ የበቃው። የሮም ሌሊት እኛ የምናየው ፍሬው ነው፤ ሥሩ ከመሬት በታች ነው።

እኔ ግን ያን ጧት ይህን አላሰብኩም። ወጣቶቹ እንዳይስቁብኝ ብዬ እንደ እነሱ ልሮጥ ሞከርኩ። ሦስት ደቂቃ አልሞላኝም፤ ደረቴ ያው ፍም ሆነ፤ ጉልበቴን ይዤ ጎንበስ አልኩ። በዚህን ጊዜ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ነጠላቸውን በአንገታቸው ጠምጥመው፣ በዝግታ ሱክ ሱክ እያሉ አጠገቤ ደረሱ።

«ልጄ፣ ማን እያባረረህ ነው?» አሉኝ።

«ማንም አላባረረኝም፣ አባባ፤ ስፖርት እየሠራሁ ነው» አልኳቸው።

«አይ፣ ይህ ሽሽት እንጂ ሩጫ አይደለም። ሩጫ ማለት ከሰው ጋር እየተጫወቱ የሚሄዱት ነው። በል ና፣ ከእኔ ጋር እየሮጥክ የት እንደምትሠራ ንገረኝ» አሉኝ።

አጠገባቸው ሆኜ ጀመርኩ። አረማመዳቸው ከፈጣን እግረኛ ብዙም የሚበልጥ አልነበረም። እኔ መምህር መሆኔን፣ ሒሳብ ማስተማሬን፣ ደመወዝ እንደማይበቃኝ ሳወራላቸው የሜዳው ግማሽ አለፈ። «ወሬህ ከተቆረጠ ፈጥነሃል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ቀስ በል። ቀስ ማለት ካቃተህ በእግርህ ሂድና ትንፋሽህ ሲመለስ እንደገና ጀምር» ብለው መከሩኝ። ቀጥለውም «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለው ተሰናብተውኝ ሄዱ። ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም ስሜን አልጠየቁኝም። እኔ በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር እንዲህ ያለ አጭርና ግልጽ ትምህርት ከጥቂት መምህራን በቀር አልሰማሁም።

ነገሩን በኋላ በመጻሕፍት ሳገላብጥ የአባባ ምክር ከሳይንስ ጋር የሚስማማ ሆኖ አገኘሁት። ሰው መሮጥ ሲጀምር ጡንቻው ወዲያውኑ ብዙ ኦክሲጅን ይጠይቃል። ልብና ሳንባ ግን ጥያቄውን እስኪያደርሱ ጥቂት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፤ ጧት የተነሣ የመኪና ሞተር እስኪሞቅ እንደሚያንገራግረው ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚሰማው ጭንቀት የድካም መጨረሻ ሳይሆን የሥራው መጀመሪያ ነው። ጀማሪው ግን ይህን ስለማያውቅ «ገና ሲጀመር እንዲህ ከሆነ በኋላ ምን ሊሆን ነው?» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። እንግዲህ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ትንፋሽ ያጠረው ጀማሪ የሚያፍርበት ምክንያት የለውም።

ከዚህም የሚያስደንቅ ነገር አነበብኩ። ቲም ኖክስ የተባሉ የደቡብ አፍሪካ ሊቅ፣ ድካም የሚባለው ነገር ከጡንቻ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ አንጎላችን ሰውነታችን እንዳይጎዳ ፈርቶ አቅማችን ሳያልቅ አስቀድሞ «ተው» ይላል የሚል አሳብ አቅርበዋል። ሌሎች ሊቃውንት በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረዋቸዋል፤ ክርክሩም አላበቃም። እኔ በክርክሩ ውስጥ የመግባት ዕውቀት የለኝም። ነገር ግን ይህን ሳነብ ያ የውስጤ ድምፅ ማን እንደ ሆነ የገባኝ መሰለኝ። ጠላቴ አይደለም፤ የምትሳሳ እናት ነው። እናት ልጇ ከደጃፍ ሲወጣ «እንዳትወድቅ፣ እንዳይበርድህ፣ ቶሎ ተመለስ» እንደምትለው ነው የሚለኝ። እናትን አይሰድቧትም፤ ከእናት ጋርም አይከራከሩም፤ «እሺ እማዬ፣ እዚያ ዛፍ ድረስ ብቻ ደርሼ እመጣለሁ» ብለው ይወጣሉ እንጂ።

ዘዴዬም ይህ ሆነ። ድምፁ «ቁም» ባለኝ ቁጥር «እሺ፣ እቆማለሁ፤ ከዚያ ዛፍ ስደርስ» እለዋለሁ። ከዛፉ ስደርስ ድምፁ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አገኘዋለሁ። ዝም ካላለ ቃሌን አከብርና በእግሬ እሄዳለሁ። ይህን ነገር ልብ ይበሉልኝ። ራስን ማታለል ለአንድ ቀን ይሠራል፤ በማግሥቱ ግን ልብ አያምንም። «ከዛፉ ስደርስ አቆማለሁ» ብሎ ከዛፉ ሲደርሱ እንደገና «እስከ አጥሩ» ማለት በተማሪ ላይ የቤት ሥራ እንደሚጨምር መምህር መሆን ነው። ስለዚህ ከራሴ ጋር ስዋዋል ውሉን ትንሽ፣ አከባበሩን ጥብቅ አደረግሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ደቂቃ እሮጥና ሁለት ደቂቃ በእግሬ እሄድ ነበር፤ ይህን ስምንት ጊዜ እደጋግመዋለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እወጣለሁ፤ በመካከሉ አንድ አንድ ቀን አርፋለሁ። ዕረፍቱ ስንፍና እንዳይመስልዎ፤ ትንፋሽ በሳምንታት ውስጥ ሲሻሻል ጅማትና አጥንት ግን ከእሱ ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት። በአራተኛው ሳምንት ሦስት ደቂቃ ሮጬ አንድ ደቂቃ ወደ መራመድ ደረስኩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ስንቴ ተርቼዋለሁ! እንቁላሉ እኔ እሆናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ነገሩ ሁሉ እንዲህ አማረ ብዬ ብጽፍ ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል። በሚያዝያ የፈተና ሰሞን ለአሥራ ስድስት ቀን አልወጣሁም። ከዚያ በኋላ ስወጣ የለመድኩት ሦስት ደቂቃ ተራራ ሆነብኝ። ድምፁም «አየህ? ድሮም የአንተ ነገር ይኸው ነው፤ ጀምሮ መተው» አለኝ። ከ«ቁም» ይልቅ ይህ ቃል የበለጠ ያማል፤ እግርን ሳይሆን ማንነትን ነውና የሚነካው። በዚያን ሰዓት ያጽናናኝ የቀነኒሳ በቀለ ታሪክ ነው። ቀነኒሳ በ10 ሺህ ሜትር አራት ጊዜ በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮና፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። ይህ ሰው በነሐሴ 2003 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ በዴጉ ከተማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፣ ዓለም ሁሉ እያየው፣ ውድድሩን ሳይጨርስ አቋርጦ ወጣ። ከስምንት ዓመት በኋላ በመስከረም 2012 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ አሸነፈ። ከዚያ ጊዜው ክብረ ወሰን የቀረው ሁለት ሰከንድ ብቻ ነበር። እንግዲህ ቀነኒሳ አቋርጦ ከተመለሰ፣ አንድ የሒሳብ መምህር ለአሥራ ስድስት ቀን አቋርጦ መመለስ አይገደውም። ወደ አንድ ደቂቃ ዝቅ ብዬ እንደገና ጀመርኩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን መጨመር አለብኝ። «ቁም» የሚለው ድምፅ ሁሉ የሰነፍ ድምፅ አይደለም። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ራስ ማዞር፣ በአንድ ቦታ እንደ መርፌ የሚወጋ የጉልበት ወይም የቁርጭምጭሚት ሥቃይ ከመጣ ያለ ክርክር መቆም፣ ሐኪምም መጠየቅ ይገባል። የድካም ድምፅ ሲዘገይሉት ይለዝባል፤ የሕመም ድምፅ ግን ቢዘገዩለትም አይለቅም። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሩጫ ግማሽ ዕውቀት ነው።

በግንቦት ወር አንድ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያቺን ተማሪ አስቀረኋትና አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ የሒሳብ ውጤቷ ከመቶ 31 ነበር። «ለምን አትችይም?» ብዬ አልጠየቅኋትም። «አልችልም የሚለው ነገር የሚመጣብሽ የት ላይ ስትደርሺ ነው?» አልኳት። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም «ገና ጥያቄውን ሳነብ ልቤ ይመታል፤ ከዚያ በኋላ ፊደሎቹ አይታዩኝም» አለችኝ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስሰማ የጃን ሜዳው የመጀመሪያ ሦስት ደቂቃ ነው የታወሰኝ። እኔ ለሁለት ዓመት ሙሉ ስንፍና ስለው የኖርኩት ነገር የትንፋሽ ማጠር ኖሯል!

«እንግዲያው ጥያቄውን አትሥሪው» አልኳት። ደንግጣ አየችኝ። «የተሰጠውን ብቻ ጻፊ፤ ከዚያ እርሳስሽን አስቀምጪ። ነገ ደግሞ አንድ መስመር ትጨምሪያለሽ።» በመጀመሪያው ቀን የተሰጠውን ጻፈችና እርሳሷን አስቀመጠች። እኔም ቃሌን አክብሬ «በቃ፣ ሂጂ» አልኳት። በሦስተኛው ቀን እርሳሱን ማስቀመጥ ረስታ እስከ መልሱ ደረሰች። መልሱ ስሕተት ነበር፤ ስሕተቱ ግን የመደመር እንጂ የፍርሃት አልነበረም። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና 52 አገኘች። ይህ ቁጥር ጋዜጣ ላይ የሚወጣ አይደለም። እኔ ግን በመምህርነት ዘመኔ እንደዚያ 52 የደስታ ምክንያት የሆነኝ መቶ አላየሁም።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ጧት ባባራበት ዕለት፣ ጃን ሜዳ ላይ ሳላቋርጥ 30 ደቂቃ ሮጥኩ። ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀረው ይታገለኝ ነበር። ማንም አላጨበጨበም፤ ወጣቶቹ ሚዳቋዎች እንደ ልማዳቸው አልፈውኝ ሄዱ። አባባን ፈልጌ አጣኋቸው። ድምፁ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ አብሮኝ ሲሮጥ ነበር የዋለው። ልዩነቱ ቀድሞ እሱ ይመራኝ ነበር፤ አሁን እኔ ፊት ፊት እየሄድኩ እሱ ከኋላዬ እያጉረመረመ ይከተለኛል።

በዚያው ቀን ክፍል ገብቼ ጠመኔውን አስቀመጥኩና «ዛሬ ከሒሳቡ በፊት የምነግራችሁ ነገር አለኝ» አልኩ። በጥር ወር እግሬ እንዳልተጎዳ፣ የቆምኩት ደክሞኝና ፈርቼ እንደ ሆነ፣ ከዚያ በኋላም አንድ ሳምንት ሙሉ እንደ ዋሸኋቸው ነገርኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልቤ ከጃን ሜዳው ይልቅ ይመታ ነበር። በመጨረሻም ከወደ መስኮቱ በኩል ያ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«መምህር፣ እኛ እኮ ያን ጊዜም አውቀናል።»

«እንዴት አወቃችሁ?» አልኩ።

«ሰኞ ያነከሱት በቀኝ እግርዎ ነበር፤ ሐሙስ ግን በግራው ሆነ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይህ ነው። ሳቁ ሲበርድ ወንበር ላይ ወጣሁና ከሰሌዳው በላይ የለጠፍኩትን ጽሑፍ አነሣሁት። በእሱ ፈንታ ምን እንደምለጥፍ ተማሪዎቼን ብጠይቃቸው የተለያየ ሐሳብ አቀረቡ፤ በመጨረሻ ግን ባዶውን እንዲቀር ተስማማን። አሁን በክፍሌ ውስጥ «አልችልም» ማለት አልተከለከለም። የሚከተለው ጥያቄ ግን አለ፤ «የት ድረስ ትችላለህ?» የሚል።

ውድ አንባቢ ሆይ! ምናልባት እርስዎም ነገ ጧት ለመሮጥ አስበው ይሆናል፤ ወይም ሌላ ከሩጫ የማይቀል ነገር ለመጀመር አስበው ይሆናል። ደወሉ ሲጮኽ ድምፁም አብሮ እንደሚነሣ ይወቁ። እኔ ዘንድ በየጧቱ ይነሣል፤ ዛሬም ተነሥቶ ነበር። ብርዱን፣ ውሾቹን፣ ያልታረመውን ፈተና ሁሉ ዘረዘረልኝ። እኔም «እሺ፣ ልክ ነህ፤ እዚያ ዛፍ ድረስ ብቻ ደርሼ ልምጣ» ብዬው ወጣሁ።